የጠፋሁበት ቀን

ደማም፣ ዓርብ ከሰዓት፣ መንገዱ ጭር ሲል፣
የባሕሩ ወበቅ አንገት ላይ ሲንጠለጠል፣
ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ከስልክ ጠጋኙ ሱቅ
ተሰልፈናል ሴቶች፤ ብንተዋወቅም እዚህ አንተዋወቅ።
ሁላችን የመጣን አንድ ነገር ልናይ፦
እፈለግ እንደሆን፣ ስሜ አለ ወይ?

ኩኛሊ ይባላል፣ ማላባሪ ነው፣ ጣቱ ላይ ሙጫ አለ፤
አምስት ሪያል ተቀብሎ "ሁሩብ?" ብቻ አለ።
ይኸው ነው ያገሩ ቃል ላመለጠች ሴት፤
እኛ "ጠፋች" እንላለን፣ ማንም ሳይፈልጋት።

ኢቃማዬን አወጣሁ ከደረቴ ሥር፣ ከላስቲኩ፣
ላብ ፎቶዬን በልቶት፣ ደብዝዞ መልኩ።
ስሙም የኔ አይደለም፤ ደላላው ነው ያወጣልኝ፣
"ሐያት" ብሎ ጽፎ ስድስት ዓመት የጨመረልኝ፤
ወረኢሉ ያሉት ይርገዱ ነው የሚሉኝ።

አሥሩን ቁጥር መታ፤ ከሁለት ይጀምራል።
"ሰው መሆንሽን አረጋግጪ ይላል፣"
አለኝ እየሳቀ፤ "መብራት ያለበትን ሥዕል ምረጪለት።"
መረጥኩለት።
በሦስት ዓመት ከመንፈቅ ማንም ያልጠየቀኝን
ለብረት መለስኩለት።

ከዚያ ክቡ ዞረ።
ዞረ።
እኔም አብሬው ዞርኩ፣ ያን ቤት በርብሬ፣
ቁልፉን ከውጭ ሰምቼ፣ ሰባት ማቀዝቀዣ ቆጥሬ።
በረመዳን ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ሰላት ሲቆም፣
ቆሻሻ ልጥል ወጣሁ፤
ከረጢቱን ጣልኩ፤ እኔም አልተመለስኩም።

"ቀይ ነው" አለ ኩኛሊ።
"አውቃለሁ" ብዬው ልሄድ ተነሣሁ፤
"ቀኑን ግን አየሽው?" ሲለኝ፣ ዞሬ አየሁ።

ሸዋል ዐሥራ አንድ።
ከመውጣቴ በፊት፣ ሊደፍን ዓመት!
ያን ቀን አልረሳውም፤ ታላቂቱ ልጅ ቀለበት ያሰረችበት፣
ዘጠና ሳህን ያጠብኩበት፣ ዘይቱ የገነፈለበት፤
ይኸው አንጓዬ ላይ፣ ጠባሳው ያለበት።
ባባ ከቢሮ ገብቶ፣ "ጠፍታለች" ብሎ ፈርሞ፣
ሶፋው ላይ ተጋድሞ፣
"ሐያት፣ ውሃ!" ብሎ ጠራኝ።
በትሪ አቀረብኩ፣ በረዶ ጨምሬ፤
ጠጣ፤ አላየኝ።

የጠፋችው ሴትዮ የት ነበር የምታድረው?
ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣ ፍራሽ አንጥፋ ነው።
ምን ሰርቃ ጠፋች?
የሕፃኑን ጡጦ በሌሊት ቀቀለች፣
የአያትየውን ጥፍር ቆረጠች፣
ደሞዟን ስትጠይቅ "በሚቀጥለው ወር" ተባለች።
የማዳም ወንድም ሹርታ ነው፤ ኮፍያውን አውልቆ፣
"ሩዙ ጨው አንሶታል" ይለኝ ነበር፣ ስቆ።

"ዕዳ ከሜዳ" ይላል ያገሬ ሰው፤ ሜዳስ ባገኘሁ፣ ሜዳ!
የኔው ዕዳ የመጣው ከጓዳ።

"በወረቀት አውጣልኝ።"
"ደግሞ ምን ያደርጋል?"
የዚያን ቀን ፎቶ፣ ታናሿ የላከችልኝ፣ ስልኬ ላይ ተቀምጧል፤
ሙሽሪት መሃል ናት፤ ጥጉ ላይ አንዲት እጅ፣
ትሪ የያዘች፣ አንጓዋ በጨርቅ የታሰረ፣
ቀኑም ከታች የሰፈረ።

አተመው። ገና ትኩስ ነው፤ አጥፌ ከኢቃማዬ ጋር አኖርኩት።
አምስቱን ሪያል ሊመልስ ሲል፣ ለቀጣይዋ ተውኩት።

ቀጣይዋ ልጅ ናት፤ ካርዷን በጥርሷ ነክሳ
ከንፈሬን ታያለች።
"አለሽ?" አለች።

"አለሁ።"